ክዳን የታዘዘለት ወይራ

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከዳገቱ ላይ ለአባቴ ቤት ልሠራ የተነሣሁት አርክቴክት ነኝ፤ በሰባት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ በርዎ ላይ ስለቆምኩ መልኬን ባያውቁት ጫማዬን ሳያውቁት አይቀሩም። መኪና ባለፈ ቁጥር ዶዘርዎ የመጣ እየመሰለኝ ብድግ ስለምል ለጽሕፈቴ መዝረክረክ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የሰጡን ቀነ ገደብ ሰኞ ያበቃል።

በቦታችን መካከል አባቴ እኔ በተወለድኩ ዓመት የተከሉት ወይራ አለ። ዛሬ እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ስለዋሉ አዲሱን ቤት በፕላኑ ላይ በወይራው ዙሪያ አጠፍኩት፤ ከትራሳቸው ቀና ሳይሉ ግንዱን እንዲያዩ መስኮቱን እስከ ወለል አወረድኩት፤ ወለሉንም መሬቱን ሳልቆርጥ ተዳፋቱን ተከትዬ ነደፍኩት። ስለዚሁ ድፍረቴ የደረሰኝን መልስ በቅደም ተከተል አመሰግናለሁ።

1. በፕላኑ ላይ ክብ አድርጌ የሳልኩትን ወይራ መርማሪዎ የፍሳሽ ጉድጓድ ብለው ስለመዘገቡልን፣ ለመኝታ ክፍሉም እጅግ ስለቀረበ የኮንክሪት ክዳንና የማስተንፈሻ ቱቦ እንዲደረግለት ስላዘዙ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ለአባቴ ሳነብላቸው ከስንት ወር በኋላ ከልባቸው ሳቁ፤ ቱቦውን ከየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደማስረውም ጠየቁኝ።

2. አቤት ስል መርማሪው ቦታው ድረስ መጥተው ዛፉን በዓይናቸው አዩት። ሆኖም ቅጹ ላይ ዛፍ የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ፣ መዝገቡን ከማረም ዛፉን መቁረጥ እንደሚቀል ወስነው፣ እስከ ሰኞ ካልቆረጥነው ዶዘር እንደሚመጣ አስጠነቀቁን። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያድግ ቅጹን ሳናማክር ዝም ብለን አየነው።

3. ተዳፋቱም እንደ ጎረቤቶቻችን ግቢ ተደልድሎ እንዲስተካከል ታዟል። ባለፈው ክረምት ከጎናችን ካሉት ሁለት ጎረቤቶች የላይኛው አጥር ተንዶ የታችኛው ሳሎን ውስጥ የገባው በዚሁ ድልደላ ምክንያት መሆኑን፣ ሁለቱም ለቢሮዎ ያስገቡት አቤቱታ ስለሚገልጽ እኔ አልደግመውም።

4. እዚህ ላይ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አጣሁ። አባቴ ትእዛዙን ከሰሙ ወዲህ አሁን ባለንባት አሮጌ ክፍል አልጋቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞርላቸው እየለመኑኝ ነው፤ ሲወድቅ ማየት አይፈልጉም። እስካሁን አላዞርኩም። ፈርቻለሁ፤ ተናድጃለሁም።

የምለምንዎ አንድ መስመር ነው፤ ከመዝገቡ ላይ «የፍሳሽ ጉድጓድ» የሚለውን ሰርዘው «ዛፍ» ይበሉልን።

ብዕርዎን ለማንሣት የሚበቃ ጉልበት እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት፣ አንድ ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል፣

የወይራው እኩያ

ማስታወሻ፦ የ«ቁረጡ» ትእዛዙን ዋና ቅጂ አያይዣለሁ። መርማሪዎ ያን ዕለት ፀሐዩ ስለከበዳቸው የጻፉት እዚያው ወይራው ጥላ ሥር፣ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የማኅተሙ ቀለም ሳይደርቅ አንድ ቅጠል ወድቆ ተጣብቆበታልና እባክዎ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝልኝ፤ የፍሳሽ ጉድጓዳችን ያረገፈው ነው።