ጾሜን እውላለሁ ያልኩበት ታርት

ሴፕቴምበር 5፣ ሐሙስ

ከጓደኛዬ ከሬጂን ጋር ወንዙ ዳር ወደተከፈተችው አዲስ ምግብ ቤት ሄድን። ሦስት ሳህን በአሥራ ስምንት ዩሮ። ሾርባው ለብ ያለ። ዶሮው ደረቅ። አስተናጋጁ ግን ሸጋ ነው።

“መልኩም እኮ ዋጋው ውስጥ አለ” አለች ሬጂን።

“መልክ አይበላም።”

ዳቦ ሁለቴ ጠየቅን፣ ሁለቴ ረሳ። ዳቦ የሚረሳ ቤት ሌላውንም ይረሳል። “ሰው ከጋበዘኝ” ሰጠኋት።

ሙሴ ቡቫር ዛሬም አልተወኝም። “ማዳም ቪያል፣ እንደ ሌላው ሰው ለምን ኮከብ አይሰጡም?” የማኅበራችን ሊቀ መንበር ስለሆነ በትዕግሥት መለስኩለት። ኮከብ ለሰማይ ነው። የጡረተኞች ማኅበር ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር ግን ሰው ሆዱንና ኪሱን ይዞ የሚያነበው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሦስት ደረጃ በቃን፦ “እመለሳለሁ”፣ “ሰው ከጋበዘኝ”፣ “ጾሜን እውላለሁ”። አለቀ።

ሴፕቴምበር 8፣ እሁድ

ዝናብ። እቤት ሁለት እንቁላል ጠበስኩ። ዋጋ፦ ሰማንያ ሳንቲም። እመለሳለሁ።

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

መወርወሪያው። እኛ ሰፈር ኮረብታ ላይ፣ ድሮ የሐር ሸማኔዎች በነበሩበት መንገድ ያለችው የሙሴ ጎናር ምግብ ቤት። ስንት ዓመት “እመለሳለሁ” ነበረች... ዛሬ በሩ ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምሳው ከአሥራ ዘጠኝ ዩሮ ወደ ሃያ ሦስት! ከሥሩ በትልቁ “ጣፋጩ እዚሁ የተሠራ” ይላል።

እንቁላል በቀይ ወይን፣ ደህና። ዓሣው ደህና። ከዚያ የፕራሊን ታርቷ መጣች፣ በስኳር በተለበጠ ለውዝ የተሞላች ዝርግ ኬክ፣ ሮዝ፣ የምታብረቀርቅ። አየኋት። የሬጂንን አየሁ። አጠገባችን ያሉት አራት ሰዎች የሚበሉትን አየሁ። ስድስቱም አንድ ናቸው! ጠርዙ ምላጭ፣ ውፍረቱ አንድ፣ ጫፉ እንኳ አልተሰበረም። የሰው እጅ እንዲህ ይቆርጣል? ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት አስተዳድሬአለሁ። በማቀዝቀዣ መኪና ከፋብሪካ የሚመጣ ታርት ምን እንደሚመስል ለእኔ ይነገረኛል?

አስተናጋጇን ጠራኋት። “ይቺ የት ነው የተሠራችው?”

“እዚሁ ነው፣ ማዳም።”

“በየትኛው ማሽን?”

ልጅቷ ቀላች። ሬጂን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ከዚያ የራሷንም የእኔንም በላች።

“ትጣፍጣለች እኮ፣ ኦዲል።”

“መጣፈጧን መች ካድኩ? ውሸቱን ነው የጠላሁት።”

ጾሜን እውላለሁ።

ሴፕቴምበር 16፣ ሰኞ

ለጠፍኩት። “መወርወሪያው፦ ጾሜን እውላለሁ። ታርቷ የፋብሪካ ናት። ለውሸት ሃያ ሦስት ዩሮ አይከፈልም። ኦ.ቪ.”

ሙሴ ቡቫር መነጽሩን አውልቆ አጽድቶ ደግሞ አነበበው። “እርግጠኛ ነዎት? የኦክቶበሩን ዓመታዊ ምሳ እዚያ ይዘናል እኮ። ሥልሳ ሰው።”

“እርግጠኛ ነኝ።”

ከሰዓት በኋላ ደውሎ ሰረዘው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የጻፍኩት ነገር ይህን ያህል ይሰማል ለካ።

ሴፕቴምበር 19፣ ሐሙስ

አውራ ጎዳናው ዳር፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት። አሥራ አምስት ዩሮ፣ ወይኑ ጭምር! የአይቡ ትሪ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ሁሉም የራሱን ይቆርጣል። ሬጂን ሆዬ ቀጥ ብላ ብሪ ከተባለው አይብ ሹል ጫፉን፣ የሚጣፍጠውን መሐል ልቡን፣ ገምሳ ወሰደች።

አጠገባችን ያለው ግንድ የሚያህል ሾፌር ትሪውን ተቀብሎ አየው አየውና፣ “ማዳም፣ አፍንጫውን እርስዎ ወሰዱት። እኛ ጆሮውን እንብላ?” አላት።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሬጂን ሥልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እንደ ልጃገረድ ተሽኮረመመች። አይቡን ግን አልመለሰችም።

እመለሳለሁ። ሬጂን ብቻዋንም ሳትመለስ አትቀርም።

ሴፕቴምበር 25፣ ረቡዕ

ምነው ዛሬ ገበያ ባልወጣሁ።

ካሮት እየመረጥኩ “ማዳም ቪያል! አላወቁኝም?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሴቭሪን ናት። ወጥ ቤቴ ስድስት ዓመት የሠራችው ሴቭሪን። ስትመጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ቢላዋ እንኳ አያያዝ አታውቅም። አሁን ፀጉሯን አሳጥራለች፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። አቅፋ ሳመችኝ።

“ጣፋጭ ሠሪ ሆንኩ እኮ! በማታ ትምህርት ተምሬ።”

“ጎሽ። የት ነው የምትሠሪው?”

“መወርወሪያው። ኦገስት መጨረሻ ላይ ገባሁ።”

ካሮቱ እጄ ላይ ቀረ።

“አሁንም በማስመሪያ ነው የምቆርጠው” አለችኝ እየሳቀች። “ትዝ ይልዎታል? ‘ሦስት መቶ አርባ ልጅ፣ ሦስት መቶ አርባ እኩል ቁራሽ። አንዱ ከጓደኛው ካነሰበት ጠብ ነው’ ይሉን ነበር። ጫፉ የተሰበረውን ያስጥሉኝ አልነበር? አሁን ራሴ ነኝ የምጥለው። ሙሴ ጎናር ያብዳል።”

እኔ ነኝ ያስተማርኳት። የሰው እጅ እንዲህ አይቆርጥም ያልኩት የእኔን ትምህርት ነው።

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። “ግን አንዲት አሮጊት ‘የፋብሪካ ነው’ ብላ የሆነ ማኅበር ግድግዳ ላይ ለጠፈች አሉ። የሥልሳ ሰው ምሳ ተሰረዘብን። ሙሴ ጎናር ምን ቢል ጥሩ ነው? ‘የፋብሪካ ከተባልንማ ከፋብሪካ እንግዛ፣ በግማሽ ዋጋ ይገኛል።’ የሙከራ ጊዜዬ በኦክቶበር መጨረሻ ያልቃል። ያኔ በቋሚነት መቅጠሩን ወይም ማሰናበቱን ይወስናል።”

እኔስ ምን አልኩ? “ሰው ይሳሳታል” አልኩ። በዚህ አፌ። ከዚያ ቸኩያለሁ ብዬ ሸሸሁ። እቤት ስደርስ ለካ ካሮቱን ከፍዬበት ጥዬው መጥቻለሁ።

ሴፕቴምበር 26፣ ሐሙስ

አልወጣሁም። ለሬጂን ራሴን አሞኛል አልኳት።

ሴፕቴምበር 29፣ እሁድ

ሬጂን በሬን ደብድባ ገባች። “ሐሙስ ምሳ የሚያስቀር ራስ ምታት የለም። ተናገሪ።”

ተናገርኩ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ አቆመች።

“ቀይሪው እንጂ፣ ዝርዝሩን።”

“በዘጠኝ ዓመት አንድም ደረጃ ቀይሬ አላውቅም።”

“አልተሳሳትሽም ነበራ?”

አንዷን ከቀየርኩ ሌላውንስ ማን ያምነኛል? ሰዉ “እቺ ሴትዮ ስንቱን ቤት በከንቱ ዘግታ ይሆን?” ይላል። ይበል እንጂ። ለእኔ ስም ሲባል ሴቭሪን እንጀራዋን ትጣ?

ሬጂን ከሄደች በኋላ ሌላም ነገር መጣብኝ። ያን ቀን በሩ ላይ ስደርስ ቀድሞ ተናድጄ ነበር። ለአራቱ ዩሮ። ንዴቴን ያወጣሁት ታርቷ ላይ ነው። ይህን ለማንም አልናገርም... እዚህ ግን ይጻፍ።

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

ብቻዬን መወርወሪያው ሄድኩ። ቤቱ ግማሹ ባዶ ነው። አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት!

ታርቷን እስከ ፍርፋሪዋ በላሁ። ቅቤው... ፋብሪካ እንዲህ ያለ ቅቤ በሕልሙም አያገባም። ለካ ባለፈው አልቀመስኳትም፣ አይቼ ብቻ ነው የፈረድኩት።

ሰዉ ሲወጣ ሴቭሪንን አስጠራሁ። ቁጭ በይ አልኳት፣ አልተቀመጠችም።

“አሮጊቷ እኔ ነኝ።”

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ንጹሕ እጅ ነው፣ ግን ጠረገችው፣ ደግማም ጠረገችው።

“ማዳም ቪያል፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ‘ጥሩ ነው’ ብለውኝ ያውቃሉ? መጥፎ ሲሆን ‘ይህ ምንድን ነው?’ ጥሩ ሲሆን ‘ይሁን’። እቤት ገብቼ ለእናቴ ‘ዛሬ ይሁን ተባልኩ’ ብዬ ነበር የምደሰተው።” ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ደስ አይልም። “የፋብሪካ ነው ማለትዎ እስከ ዛሬ ከእርስዎ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ነው።”

ይቅርታ አልኳት።

“ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ይፈይድልኛል? ለሙሴ ጎናር ይንገሩት። ግድግዳው ላይ ይጻፉት።”

ወደ ወጥ ቤቷ ዞረች። ታርቷ ጥሩ ናት ልላት ፈለግሁ። ምን ብል ጥሩ ነው? “ይሁን እሺ።”

አቤት ኦዲል! ምላስሽ ምነው ቢቆረጥ።

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

የማኅበሩ ስብሰባ። አርባ ሰው። ተነሥቼ ቆምኩ። ሬጂን የቀሚሴን ጫፍ ይዛለች፣ እንዳልወድቅ ይሁን እንዳላመልጥ አላውቅም።

“የመወርወሪያው ታርት እዚያው ነው የሚሠራው። እኔ ተሳስቻለሁ።”

ከኋላ አንዱ ሽማግሌ ተነሣ። “ታዲያ አምና ‘ጾሜን እውላለሁ’ ያሉት ዓሣ ቤትስ? በእርስዎ ቃል ዓመት ሙሉ አልረገጥኩትም!”

“በእሱ አልተሳሳትኩም። ዛሬም ጾም ይሻልዎታል።”

ሳቁ ሲበርድ ሙሴ ቡቫር ጉሮሮውን ጠራረገ። ለምሳው ሌላ ቤት አነጋግሯል፣ ቀብድ ግን አልከፈለም። ድምፅ ይሰጥ አለ። ሠላሳ አንድ እጅ ለመወርወሪያው። ዘጠኙ ተኮሳትረውብኛል፣ መብታቸው ነው። ምሳው ኦክቶበር 24።

ግድግዳው ላይም ጻፍኩ፣ በሙሉ ስሜ፦ “ታርቷን የምትሠራት ሴቭሪን ናት፣ በእጇ። የተሳሳትኩት እኔ ኦዲል ቪያል ነኝ። እመለሳለሁ።” ከሥሩ “ሃያ ሦስት ዩሮ ግን አሁንም...” ብዬ ስጀምር ሬጂን እስክሪብቶውን ቀማችኝ።

ኦክቶበር 8፣ ማክሰኞ

ሙሴ ጎናር ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ክንዱን አጣጥፎ ሰማኝ። “ለምን ዋጋ ጨመርኩ መሰለዎት፣ ማዳም? እሷን ለመቅጠር ነው።”

በቋሚነት ይቅጠራት ወይስ አይቅጠራት አልነገረኝም። “ሥልሳው ሰው ይምጣና ያኔ እናያለን” ብቻ።

ኦክቶበር 17፣ ሐሙስ

የሽንኩርት ሾርባና ሥጋ፣ አሥራ ስድስት ዩሮ። ልጽፍ ስል ፈራሁ። ሾርባው ቀጥኗል ወይስ እኔ ነኝ ወፍራም የለመድኩት? ሬጂንን ጠየቅኳት። “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠይቀሽኝ አታውቂም” አለችና ዳቦ ጠቀሰች። ወፍራም ነው አለች። “እመለሳለሁ” ብለን ጻፍን።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

ሥልሳ ሁለት ሰው መጣ። ከዘጠኙ ኮስታሮች ሰባቱ አሉበት፣ ሆዳቸው ቂም አልያዘም።

ታርቷ ስትመጣ ሰዉ ሳህኑን እያጋጠመ ቁራሹን ያስተያያል። ሥልሳ ሁለቱም እኩል! ሙሴ ቡቫር የሚስቱ ይበልጣል ብሎ ተከራከረ፣ ተለካ፣ ተረታ። ሙሴ ጎናር የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚመለሰውን ሳህን ሁሉ ያያል። ፍርፋሪ ያለበት አልነበረም። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ “ነገ ውሉን ትፈርማለች” አለኝ በጆሮዬ።

ሴቭሪን ከወጥ ቤት ወጣች። ሰዉ አጨበጨበ። ተነሣሁ።

“ሴቭሪን፣ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።”

እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። “አልሰማሁም፣ ማዳም። ወጥ ቤቱ ጩኸታም ነው።”

ሰምታለች። ሁሉም መስማቷን ያውቃል። ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

“አሁንም አልሰማሁም።”

ሦስተኛውን ጮህኩት። መንገደኛ እንኳ ዞሮ በመስታወቱ አየን። ሴቭሪን ሳቀች፣ በዚያው አለቀሰች፣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ተመልሳ ገባች። እኔም አለቀስኩ። ሳልናገረው ስንት ዓመት ኖርኩ? ሲናገሩት እኮ ቀላል ነው።

ኦክቶበር 25፣ ዓርብ

ጠዋት አዲስ ዝርዝር ጀመርኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት አብረውኝ ወጥ ቤት የቆሙ ሴቶች። አሥራ ሰባት ስም ወጣልኝ። ሁለቱ አርፈዋል። የዘጠኙ ስልክ አለኝ።

ከማሪሊን ጀመርኩ። አሥር ዓመት ተደዋውለን አናውቅም። ድምፄን ስትሰማ ደነገጠች።

“ማዳም ቪያል? ምነው፣ ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም” አልኳት። “ስለ ካሮት ሾርባሽ ነው የደወልኩት።”