በወይራ ያጠንኩት አይብ

ማክሰኞ
አይቡ ሻገተብኝ! ሰባቱም ድቡልቡል። የማስተረጉምላት ፈረንጇ ማዳም ወደ አርጆ ክሊኒክ ስትሄድ የአይብ ጓዳዋን ቁልፍ ለእኔ ሰጥታ፣ «በቀን አንዴ ገልብጪ፣ ሌላ ምንም እንዳትነኪ» ብላኝ ነበር። ዛሬ ስከፍት ግራጫ ጸጉር አብቅሏል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ጀማምሮታል። ክው አልኩ። ለገና ደጃዝማቹ ሲጋበዙ የሚቀርብ አይብ! በፈላ ውሃና በጨው ፈትጌ አጠብኩት። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን አዴ ጫልቱን ፍም አስመጥቼ፣ እናቴ የወተት ቅሏን እንደምታጥነው ጓዳውን በወይራ አጠንኩት። አሁን ንጥት ብሏል። ጎበዝ ነኝ መቼም።

ረቡዕ
ጓዳው ሽታው ደስ ይላል። ማዳም ነገ ትመጣለች። ቀሚስ ብትሸልመኝ አልጠላም።

ሐሙስ
ጉድ ፈላ። ማዳም በሩን ከፍታ ራሷን ያዘች። ለካ አይቡን የሚያበስለው ሻጋታው ነው! «መጀመሪያ ነጩ ይመጣል፣ ከዚያ ግራጫው፣ ከዚያ ሰማያዊው። አንዱ ለሌላው ቤት ይሠራል። ሁለት ወር ጠበቅኋቸው» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ከእንግዲህ አይበስልም አለች። ሻጋታ እንደ ጥጃ እንደሚጠበቅ በየት በኩል ልወቅ?

ይህንኑ ብናገር ምን ነበረበት። «እሳት ያስገባ ማነው?» ስትል ዝም አልኩ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ፣ «ፍሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አስካለ አምጡልኝ ብላኝ ነው» አሉ። አስተርጓሚዋ እኔ። «ፍሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ ይላሉ» አልኩና እዚያው ላይ አቆምኩ። አንቱታው አልቀረም፤ የቀረው የእኔ ስም ነው።

ማዳም ከሰኞ ጀምሮ እንዳይመጡ አለች። እሱንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ
አዴ ጫልቱ ሦስት ልጆች ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። አፈርኩ፣ አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ዋልኩ፦ ቁልፉን ትነጥቀኛለች፣ ካስጠጋችኝ ማደሪያ ታስወጣኛለች፣ ነቀምቴ ሁሉ ይስቅብኛል። ሦስቱም እውነት ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

ቅዳሜ
ነገርኳት። ማዳም አየችኝ፣ አየችኝና እጇን ዘረጋች። ቁልፉን አስረከብኩ። «ሂጂና ራስሽ ንገሪያቸው። ሰኞ ይምጡ» አለች። ስለ እኔ ምንም አላለችም።

አዴ ጫልቱ ቤት ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አማርኛ ባልናገርም እሰማለሁ። ስምሽን ስታስቀሪው ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ያንቺን እንጀራ ደግሞ እኔ ልዝጋው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎናቸው ተቀምጬ ጎመኑን አብሬ ቀነጠስኩ።