በተከለከለ ውሃ ስለ መዋኘቴ የቀረበ መልስ

ለክቡር የውሃ ዳር ደህንነትና የሕዝብ ዋና ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ጌታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የቆላው ሙቀት እንዳይጎዳዎት፣ የቢሮዎ ማራገቢያ ሳይቋረጥ እንዲዞርልዎት፣ ክረምቱም በሰላም እንዲወጣልዎት እመኛለሁ። እኛ ዘንድ እንኳ በሰላም አልወጣም።

እኔ አስካለ ገብረሚካኤል እባላለሁ። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የቀወት ቆላ፣ በወንዙ ዳር ሽንኩርት አምርቼ የማድር ሴት ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት መጥሪያ ደርሶኛል። «ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን በተከለከለ የውሃ አካል ውስጥ ያለ ፈቃድ ስትዋኝ በመገኘቷ» ይላል። መልስ ካለኝ በጽሑፍ እንዳቀርብ ስለፈቀዱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለእርስዎ ብቻ ብልከው ከወረቀት ክምር ሥር ገብቶ ፍለጋ እንዳያደክምዎት በማሰብ፣ አንዱን ቅጂ በገበያው በር፣ ሌላውን ጀውሃ ከተማ፣ ሹፌሮች ምሳ በሚበሉበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. በቅድሚያ በመኪናው መንገድ ዳር ስላሠሩልን የሕዝብ ዋና ገንዳ አመሰግናለሁ። ወለሉ ሰማያዊ ነው፣ ደረጃው ያብረቀርቃል። የተመረቀ ዕለት እኔም ከሴቶች ጋር ሄጄ አጨብጭቤያለሁ። ለደህንነታችን ካለዎት ሐሳብ የተነሳ፣ መዋኘት እንደሚችል የሚያረጋግጥ ወረቀት ያልያዘ ሰው ወደ ገንዳው እንዳይገባ አዝዘዋል። ወረቀቱ የት እንደሚገኝ ብንጠይቅ፣ በገንዳው ውስጥ ተምሮ ለተፈተነ ብቻ እንደሚሰጥ በትሕትና ተነግሮናል። ይህን ያህል ጥንቃቄ የትም አላየሁም። በዚያ ገንዳ እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልሰጠመም፤ አንድ ሰውም አልገባበትም።

2. በወንዙ ዳር ስላቆሙት ሰሌዳም አመሰግናለሁ። «መዋኘት፣ መታጠብና መሻገር በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ጽሑፍ ከሩቅ ይነበባል። ማሳችን ከወንዙ ማዶ ስለሆነ፣ ሽንኩርቱ ራሱ ወደ እኛ እንዲሻገር መመሪያ ይወጣለት ይሆን ብለን ጠብቀን ነበር። እስካሁን አልወጣም።

3. ሦስተኛው ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ፍቅሩ ቀኝ እጅ ነው።

ፍቅሩ በወጣትነቱ ቆቃ ሐይቅ ላይ ዓሣ እያሰገረ ይኖር ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ደጋው ላይ ዘንቦ የወረደ ደራሽ ጎርፍ የጎረቤታችንን የጋሼ ወልደማርያምን ሁለት ሴት ልጆች በአንድ ቀን ወሰዳቸው። ፍቅሩ አስከሬናቸውን ያወጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ነው በሰፊው መሻገሪያ፣ በጋ ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ቦታ፣ ከዋርካው እስከ ሾላው ወፍራም ገመድ ወጥሮ መንደሩን ዋና ማስተማር የጀመረው። ወንዶቹን ቅዳሜ እሱ፣ ሴቶቹን ሐሙስ እኔ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣ ነበር። ገመዱን ይዘን እንማራለን፣ ገመዱን ይዘን ማሳችን እንወርዳለን። በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ከመንደራችን ውሃ የወሰደው ሰው አልነበረም። ፈቃድ ግን አልነበረንም፤ ይህን አምናለሁ።

ሐምሌ ሃያ ስድስት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ እኔ ዳር ላይ ልብስ ሳጥብ፣ አምስት ጥበቃዎችዎ ዱላና ገጀራ ይዘው መጡ። ፍቅሩ ከውሃው ወጥቶ እየተንጠባጠበ፣ «እንደምን አረፈዳችሁ ልጆቼ፤ ምን ልታዘዝ?» አላቸው።

«ገመዱን ፍታ» አሉት።

«ገመዱን ብፈታው ይሄ ሁሉ ሰው በምን ይሻገራል?»

መልሱ ጆሮው ላይ ያረፈ ዱላ ነበር። በጉልበቱ ወደቀ። ሁለቱ ትከሻውን ተጭነው ቀኝ እጁን ልብስ የምናጥብበት ድንጋይ ላይ ዘረጉት። ሰለሞን የሚባለው፣ ካራቆሬ ያደገ ቀጠን ያለ ወጣት፣ ዱላውን ሦስት ጊዜ አሳረፈበት። በሁለተኛው ደረቅ የበቆሎ አገዳ ሲሰበር የምሰማውን ድምፅ ሰማሁ። በሦስተኛው አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጣ። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፤ አንደኛውን ግንባሩን አግኝቼዋለሁ፣ ይህም በመጥሪያው አልተጠቀሰም። የተመለሰልኝ ዱላ ሁለት የፊት ጥርሶቼን ይዞ ሄደ። ከዚያ ገመዱን በገጀራ ቆረጡት፣ ሰው ሲማር የሚንሳፈፍባቸውን የጭነት መኪና የውስጥ ጎማዎች ከምረው አቃጠሉ፣ ሰፊውን መሻገሪያም ባለ እሾህ ሽቦ አጠሩት። ፍቅሩን በባጃጅ ስንወስደው ጥቁሩ ጭስ ከኋላችን ይታይ ነበር። ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆርጧል። ለውሃ ደህንነት የተከፈለ መሥዋዕት መሆኑን ሐኪሙ ስላላወቀ «አደጋ» ብሎ ጽፎታል፤ እንዲታረም ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል።

ለቀረው ቁጥር ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም። እንዲሁ ልንገርዎት።

ሰፊው መሻገሪያ ሲዘጋብን በላይ በኩል ባለው ጠባብ፣ ውሃው በሁለት አለት መካከል ተጨንቆ በሚያልፍበት ቦታ መሻገር ጀመርን። ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት እኔና ናጅዋ አብረን ወረድን። ናጅዋ የአብዱልሃዲ ባለቤት፣ ማሳዋ ከማሳዬ ጋር የሚዋሰን፣ ለሦስት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ዋና ያስተማርኳት ጓደኛዬ ነበረች። እኛ ላይ ሰማዩ ጠርቷል። ደብረ ሲና ላይ ግን ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። «ቶሎ እንለፍ» አልኳት። የባሏን ምሳ በራሷ ላይ አድርጋ ቀድማኝ ገባች።

ጠባቡን እንዲጠብቅ የመደቡት ሰለሞን ከማዶ ዱላውን ይዞ እስከ ወገቡ ገባባት። «ተመለሺ!» አላት።

«ማሳዬ እኮ ማዶ ነው፤ በሰማይ ልሂድ?» አለችው። «እሺ፣ ወላሂ ነገ አልመጣም፤ ዛሬን አሳልፈኝ።»

ደረቷ ላይ በዱላው ጫፍ ገፋት። የምሳው ሰሃን ወደቀ። እሷም ሰሃኑን ልትይዝ ጎንበስ እንዳለች ነው ድምፁን የሰማነው፤ ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ደራሹ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ በመታጠፊያው ብቅ አለ። ሁለቱንም ከፊቴ ጠራርጎ ወሰዳቸው።

እኔም ዘልዬ ገባሁ። የተከሰስኩበት ይህ ነው፤ አልክድም።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ በድምፅ ማጉያ ያስነበበውን መግለጫ ሰምቻለሁ። «በጽሕፈት ቤቱ ባልደረቦች ርብርብ የአንድ ጥበቃ ሠራተኛ ሕይወት ሲተርፍ፣ ክልከላውን የጣሰች አንዲት ግለሰብ በራሷ ቸልተኝነት ሕይወቷ አልፏል» ይላል። ባልደረቦችዎን ውሃው ውስጥ አላየኋቸውም። ምናልባት ውሃው ደፍርሶ ስለነበር ይሆናል። ናጅዋን ያገኘናት በሁለተኛው ቀን፣ ከታች ጎርፉ በተኛበት በሰው የቲማቲም ማሳ ውስጥ ነው። እሷ መሆኗን ያወቅነው በጆሮ ጉትቻዋ ነበር። አብዱልሃዲ አፈሩን መልሶ ሲያበቃ፣ «የሰጠም የወሰደም አላህ ነው፤ በመካከል ግን የሰው እጅ ገብቶበታል» አለ።

ክቡር ሆይ፣ መጥሪያውን ያዘጋጁት ባለሙያዎችዎ ትልቁን ጥፋቴን ዘንግተውታልና እኔው ላስመዝግብ።

ውሃው ውስጥ መጀመሪያ የደረስኩት ሰለሞን ጋ ነበር። ዋና አይችልም። የውሃ ደህንነት ጥበቃ አድርገው የቀጠሩት ሰው ዋና አይችልም። አንገቴን በሁለት እጁ አንቆ ያዘኝ፤ አብረን ሰመጥን፣ አብረን ወጣን። ናጅዋ ከእኛ በታች የግንድ ቅርንጫፍ ይዛ ነበር። እንዳስተማርኳት ራሷን ቀና አድርጋ «አስካለ! አስካለ!» ትላለች። ከሰለሞን ብላቀቅ እደርስባት ነበር። ፀጉሩን ይዤ ወደ ታች ደፈቅሁት። እንዲለቀኝ ብዬ ነበር መጀመሪያ። ወዲያው ግን የወንድሜ አጥንት ሲሰበር የነበረው ድምፅ መጣብኝ፤ እጆቹ አንገቴን ከለቀቁ በኋላም ደፍቄ ያዝኩት። በእግሩ ሲራገጥ ሆዴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ደስ ብሎኛል። ይህን ቃል ጸሐፊዎ ሳይቀንስ ይጻፍልኝ፤ ደስ ብሎኛል።

ቀና ስል ግንዱ ባዶውን ይሄዳል። ናጅዋ የለችም።

እሱን ለመግደል ያጠፋሁት ጊዜ ለእሷ ይበቃት ነበር። ያኔ ሰለሞንን በፀጉሩ ጎትቼ አወጣሁት፤ ለምን እንዳወጣሁት አሁንም አላውቅም። ዳር ላይ ሆዱን ተጭኜ ጭቃውን አስተፋሁት። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱን በጥፊ መታሁት፣ ከዚያም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለአብዱልሃዲ ሄጄ ነግሬዋለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማኝ። «ጠርታሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ተነስቶ ገባና በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። እንዲያናግረኝም አልጠብቅም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚፈርዱብኝን ሁሉ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። የምለምነው ጥቂት ነው። የእሾሁን ሽቦ ከሰፊው መሻገሪያ ያንሱልን። ድልድይ እስኪሠራ ድረስ የራሳችንን ገመድ እንድንወጥር ይተዉን። ገንዳውንም ዋና ለማያውቅ ሰው ይክፈቱት፤ ከማያውቁት ጥበቃዎችዎ ቢጀምሩ ቅር አይለኝም። ሁለት ጥርስ ስለጎደለኝ በቀጠሮው ቀን ንግግሬ ቢኮላተፍብዎት ከወዲሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ለሕይወታችን እስከ አጥንታችን ድረስ ላሰቡልን ክቡርነትዎ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ደረቅ ጫማና የማይቆጠቁጥ ሕሊና እየተመኘሁ፣ በወንዙ ዳር ከቀረነው ሰዎች ጋር እጅ እነሳለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ተከሳሽ
አስካለ ገብረሚካኤል

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳጥፈው ሰለሞን ደጃፌ መጣ። ያደረግኩትን ነገርኩት። «አውቃለሁ፤ ከለቀቅኩሽ በኋላም እጅሽ ነበረብኝ» አለኝ።  ከዚያ ሐምሌ ሃያ ስድስት ማለዳ በቢሮዎ አምስቱን ጥበቃዎች ሰብስበው እርስዎ ያሉትን ቃል በቃል ነገረኝ፦ «ገመዱን ብትቆርጡበት ነገ ይቀጥለዋል፤ እጁን ስበሩልኝ።» በቀጠሮው ቀን ይህንኑ ቆሞ ሊናገር በጣቱ ፈርሞ ሰጥቶኛል። በተጠራሁበት ሰዓት ሁለታችንም እንገኛለን፤ እርስዎም እንዳይቀሩብን።