«እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ ለሚጠይቀው ቅጽ ባለቤት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ በእጅዎ ሲገባ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወግ ያህል የተጻፈ አይደለም፤ ቢታመሙ ቀጠሮ የሚይዙት ራስዎ ባሠሩት ድረ ገጽ በኩል ስለሚሆን፣ ያን ክፉ ቀን ለጠላቴም አልመኝም።

ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት አራሚነት ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ። ሌላው ሰው በጻፈው ላይ ቀይ መስመር ማስመር መተዳደሪያዬ ስለነበረ፣ በቅጽዎ ላይ ያየሁትን ሳላርም ባልፍ ጡረታዬን ያለ አግባብ የምበላ ይመስለኛል። በአደባባይ የጻፍሁልዎም ለእርስዎ ብቻ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ እረዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውበቱ ላመስግንዎ። ባለቤቴን ምግብ ስትውጥ ደረቷ ላይ ይይዛት በጀመረ ጊዜ፣ የሐኪም ቀጠሮ ልናስይዝላት ገጽዎን ስንከፍት መጀመሪያ የተቀበለን «እንዴት ሰነበቱ?» የሚል በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ሰላምታ ነበር። በገጹ ላይ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ሰዋስው ያልጎደለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ቆም ብዬ አደነቅሁት። ከሥሩ ሦስት ክብ ፊቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዝም ብሏል፣ አንዱ ያለቅሳል። ምልክት የሚደረግባቸው ተራ ክቦች ቢሆኑ ኖሮ የሕክምና ጥያቄ መሆናቸው በገባን ነበር፤ ባለሙያዎችዎ ግን ክቦቹን ደብቀው በምትካቸው ፊት ሥለዋል፤ ጣት ሲጠጋቸውም ፈገግ ብለው በዐይናቸው ይጠቅሳሉ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ሰላምታ ሲቀርብላት «አሞኛል» ብላ የምትመልስ ሰው አይደለችም። ልጃችንን በምታምጥበት ሰዓት እንኳ በር ላይ ለቆመችው ጎረቤታችን «ደህና ነኝ፤ ልጆችሽስ እንዴት ናቸው?» ያለች ሴት ናት። ይህ አስተዳደግ የእርሷ ብቻ አለመሆኑን፣ ዛሬ ጠዋት ከቤትዎ እስከ ቢሮዎ ደኅንነትዎን ለጠየቀዎ ሁሉ ምን ብለው እንደመለሱ በማስታወስ ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ስለዚህ የሚስቀውን ፊት ነካችው። የሰላምታ አጸፋ መመለሷ ነበር።

ሦስተኛ፣ ቅጽዎ አመናት። በዚህ ዘመን ሰውን በቃሉ የሚያምን ስለጠፋ ሊመሰገን ይገባዋል። «ምግብ ለመዋጥ ይቸገራሉ?»፣ «ክብደት ቀንሰዋል?» የሚሉት ሳጥኖች፣ እኔ ገና መነጽሬን ሳስተካክል፣ ዐይናችን እያየ ተሰወሩ። ፊቶቹ ግራጫ ሆነው ደረቁ፤ የሚያለቅሰውን ደጋግሜ ብጫነው ንቅንቅ አላለም። «ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል» የሚል ጽሑፍ መጣና ለደህና ሰው የሚሰጠው ቀጠሮ ተሰጣት፤ ከአምስት ወር በኋላ። ገጹን ዘግተን ብንከፍተውም በዚህ ስልክ ቁጥር የተመዘገበ መልስ አለ ብሎ አላስገባንም።

አራተኛ፣ ማልደን ወደ ሆስፒታልዎ ሄድን። በመዝገብ ክፍሉ መስኮት ያገኘናት ወጣት ሠራተኛ ትሑት ናት፤ ስክሪኑን ወደኔ አዙራ «አባባ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ይኸው ግራጫ ሆኗል፤ ስጫነው እንቢ ይለኛል» አለችኝ። በወረቀት ጽፌ ላስረዳ ብላት «ወረቀት ከቀረ ቆየ እኮ» አለችና ከኋላዬ የቆመውን ሰው ጠራች። ባለቤቴ በመካከላችን ቆማ እየሰማች ነበር፤ ለሠራተኛዋ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» ብላት ወጣን።

አምስተኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ልጄ ድረ ገጽ በመሥራት የምትተዳደር ናት። ገጽዎን ከነኮዱ ከፍታ ካየች በኋላ «አባዬ፣ ሳጥኖቹ እኮ አልጠፉም፤ ሁሉም እዚሁ አሉ። ሳቂታው ፊት ከተነካ አይታዩ ተብለው ነው» አለችኝ። ጃቫስክሪፕት በሚባል የድረ ገጽ ቋንቋ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ይህን ደብቅ፣ ያን ቆልፍ፣ ፊቶቹን ግራጫ ቅባ ይላሉ። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ «ተዪ ልጄ፣ ሰዎቹን አታስቸግሪ» እያለቻት፣ ልጄ የተቆለፈውን ከፍታ፣ የተደበቁትን ገልጣ፣ እውነቱን ሞልታ ላከችው። ከክፍልዎ የመጣው መልስ ፈጣን ነበር፤ ስለ ፍጥነቱም አመሰግናለሁ። መረጃው «ባልተፈቀደ መንገድ» ስለደረሰ ያ የአምስት ወሩ ቀጠሮም ተሰረዘ። ስንደውል አንድ ባልደረባዎ «ቅጹ መሞላት ያለበት እንደተሠራው ነው» ብለው አስተማሩን፤ ለትምህርቱም ባለ ዕዳዎ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም።

ሌላ ሐኪም ቤት ተራ እስክናገኝ ባለቤቴ ቀሚሶቿን በመርፌ ቁልፍ ማጥበብ ጀምራ ነበር። በመጨረሻ ያያት ሐኪም የራጅ ምስሏን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣ እርሷን ነርሷ ልብሷን እንድትለብስ ስትረዳት፣ ለእኔና ለልጄ ዝቅ ባለ ድምፅ «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ባመጣችኋት፤ ያን ጊዜ ቢሆን እብጠቱን ቆርጠን እናወጣው ነበር» አለን። እኔ ሐኪሙን አመሰገንሁት፤ ለምን እንዳመሰገንሁት አላውቅም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ቀጠሮ አልለምንዎትም። የምለምነው የሚከተለው እንዲታረም ነው፦ ሰላምታው ሰላምታ ብቻ ይሁን፤ ሕመምን የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገር «የት ያምዎታል?» ተብሎ በቀጥታ ይጻፍ፤ ማንም ምንም ቢመልስ የሚደበቅ ሳጥን አይኑር፤ የተሳሳተ ሰውም መልሱን የሚያርምበት መንገድ ይተውለት። በሙያዬ ዘመን ያልታረመ ገጽ ወደ ማተሚያ ክፍል አይገባም ነበር፤ ከገባም የሚበላሸው ወረቀት ብቻ ነበር። ልጄ የታረመውን ኮድ ጽፋ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዛለች። ዋጋ አንጠይቅም፤ ስሟም እንዲጠቀስላት አትፈልግም።

ለገጽዎ ቀለማት፣ ለፊቶቹ ፈገግታ፣ እንዲሁም ደህና መሆናችንን ከእኛ ቀድሞ ለወሰነልን ትጋትዎ ያለኝን የማይለወጥ አክብሮት እየገለጽሁ፣ በሹመትዎ ላይ ሹመት እንዲጨመርልዎ በመመኘት እሰናበታለሁ።

የአንዲት «ደህና» ሴት ባል፣
ጡረተኛ አራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርማቱ የሚጠይቀው ጊዜና በጀት ያሳስብዎ ይሆናል። ልጄ ሠርታ የጨረሰችው ለእናቷ ያፈላችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው። አሁን በጉሮሮዋ የሚወርድላት እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱም በማንኪያ።