የእማማ ዘቢደር ወንበር

ይድረስ ሐዋሳ ላለኸው ወንድሜ ተስፋዓለም፤ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከማርቆስ ብርድ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

አባባ ጥብቅናውን አልተወም፤ እኔም ቢሮው አብሬው እሠራለሁ። ባለጉዳይ ነገሩን ከአያቱ ርስት ቢጀምር እንኳ «አታቋርጪ፤ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው» ይለኛል።

የደብረ ኤልያሷ እማማ ዘቢደር ትዝ ይሉሃል? መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው የመሬት ጉዳያቸውን ጀምረው «ቀሪውን ሌላ ቀን» ብለው እንደሄዱ ሳይመለሱ አረፉ።

ትናንት ለአባባ ሻይ ይዤ ስገባ፣ ባዶው ወንበር ላይ ዓይኑን ተክሎ ራሱን ይነቀንቃል። ላናግረው ስል በእጁ ከለከለኝና «ቆይ፤ ገና አልጨረሱም። ለእሳቸውም ሻይ አምጪ» አለኝ። አመጣሁ።

ምግቡን ደህና ይበላል፤ አታስብ። ብቻ ለፋሲካ ናልን። ቢሮ ስትገባ ግን መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ፤ እኔም ዞሬ ነው የማልፈው።

እስክንተያይ ጤና አይለይህ።
እህትህ ሀይማኖት