ቀዩ ወደ ላይ

አንኮበር፣ ረቡዕ ኅዳር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለንጋቷ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ቁስለኛ ተሸክመሽ ዳገት ስትወጪ እንደሚያምሽ በርበሬ ነጋዴዋ አሲያ ነግራኛለች። እኔ ጤነኛ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ያለሁት ቤታችን ሳይሆን ጣሊያኖቹ እህል በሚያከማቹበት ቤት ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዬንም አብረው አምጥተውታል። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። መስኮቱ እጅ ያሾልካል እንጂ ራስ አያሾልክም፤ ሞክሬዋለሁ።

ይህን ወረቀት አሲያ ዓርብ ለአልዩ አምባ ገበያ ስትወርድ በበርበሬ ስልቻዋ ይዛልሽ ትመጣለች። የምነግርሽ ነገር ግን ነገ ሐሙስ ያልቃል። ስለዚህ ልታስቆሚው አትችይም። የጻፍኩት ከሌላ ሰው አጣምመሽ እንዳትሰሚው ነው።

ባለፈው ሳምንት በጣርማ በር በኩል ከእናንተ ተሸካሚዎች አንዱ ተገድሏል። ከትከሻው የቀደዱትን ምልክት የጣሊያኑ መኮንን ሰኞ ዕለት ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ወዲያው አወቅሁት፤ የእጄ ስፌት ነው። አንቺ ከቤት ሳትወጪ፣ የሠርግ ነጠላሽን ቀድደሽ ካሰፋሽኝ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሥዕሉ ባዶ ቃሬዛ ነው፦ ሁለት አጣና፣ ሦስት መወጠሪያ፣ ከሥሩ ቀይ ጥለት። ያኔ «ሰው ለምን አይተኛበትም?» ብዬሽ ነበር። «ሰው ካለበት ቁስለኛው ሌላውን ይዘው ሄዱ ይላል፤ ባዶ ከሆነ ግን ለእኔ መጡ ይላል» አልሽኝ።

አስተርጓሚው ኪዳነ ማርያም «እንዲህ ያለ አሥራ ሁለት ይፈለጋል፤ እስከ ረቡዕ» አለኝ።

«ለማን ነው?»

«ለሚለብሱት ነዋ! ሰፊዎች መቼም መጠየቅ ትወዳላችሁ።»

ቢሆንም ወዲያው ራሱ ነገረኝ። ባንዳዎቹ ለብሰውት ቁስለኞቻችሁ ወደተደበቁበት ገደል ይወርዳሉ። ቁስለኞቹ የትኛው ዋሻ ውስጥ እንዳሉ አያውቁም፤ ምልክቱን አይተው ራሳቸው እንዲወጡ ነው። ወንድምሽ ዘርአ ዳዊት እግሩን ተመትቶ ከአምስት ሰዎች ጋር እዚያ እንደተኛ ከአሲያ ሰምቼ ነበር። መቀመጫ አጣሁ።

እምቢ ልል ነበር። እምቢ ብል ከደብረ ብርሃን ሌላ ሰፊ ያስመጣሉ፤ ያ ሰፊ ደግሞ የታየውን እንዳለ ይገለብጣል። ይህን ሳሰላ መኮንኑ ጨርቁን አንስቶ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አዞረው። ቃሬዛው ከላይም ከታችም አንድ ነው። በጣሊያንኛ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ላዩ የቱ ነው ይላሉ» አለ ኪዳነ ማርያም።

«ቀዩ ወደ ላይ ነው» አልኩ።

ኪዳነ ማርያም ጥለቱን አይቶ እኔን አየኝ። የአገር ልጅ ነው፤ እናቱ ለአባቱ ነጠላ ዘቅዝቃ አልቅሳ ይሆናል። አወቀ አላወቀ፣ እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ ወደ መኮንኑ ዞሮ እንዳልኩት ተረጎመ። እኔም አሥራ ሁለቱንም ሐዘንተኛ አድርጌ ሰፋኋቸው። ባንዳዎቹ ዛሬ ለክተው ተሳሳቁ፤ ነጠላ ከማይለበስበት አገር የመጡ ናቸው፤ ለእነሱ ቀይ ክር ነው። ለእናንተ ሰው ግን የተዘቀዘቀ ጥለት ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

የሚያስፈራኝ ትኩሳት ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ቃሬዛውን አይቶ ቀለሙን ሊስት ይችላል።

ዛሬ ከሰዓት የባንዳው አለቃ መጥቶ ይህንንም መለሰልኝ። «የሚስቱ ወንድም እዚያ መተኛቱን ሰምቻለሁ፤ ሰፊው ከፊት ይሂድ፤ ፊቱን ሲያይ አምኖ ይወጣል» አለ። አሥራ ሦስተኛ ምልክት ለራሴ ሰፍቼ እንዳድር ታዘዝኩ።

እኛ ቤት ምን እንደተባባልን ማን ይነግራቸዋል? የጣሊያን ኮት መስፋቴን ባወቃችሁበት ቀን ዘርአ ዳዊት በር ላይ ቆሞ «ሁለተኛ ካየሁህ የማናግርህ በጠመንጃ ነው» ብሎኛል። አንቺም ተከትለሽው ወጣሽ። ያኔ የሰጠሁሽ ምክንያት ሁሉ ውሸት ነበር። ፈርቼ ነው የሰፋሁት። ሌላ የለም።

ነገ ማለዳ ከፊት እሄዳለሁ። የዋሻዎቹ አፍ ሁሉ ጠባብ ነው አሉ። አንድ ጥይት ቀድሞ ከጮኸ ባንዳዎቹ ይበተናሉ፤ ከተራራው ላይ ያላችሁትም ትሰማላችሁ። ዘርአ ዳዊት ዒላማ አይስትም፤ በትኩሳትም ቢሆን የእኔን ፊት አይስትም።

ስለዚህ እህቴም ሚስቴም፣ አንድ ነገር አደራ። ይህን ካነበብሽ በኋላ እግሩ እስኪድን ምንም አትንገሪው። ሲድን ግን አስቀምጠሽ፣ ቀለሙን እኔ እንደገለበጥኩት ንገሪው። ልክ ነው ያደረገው። አንድም ቀን እጁን እንዳይረግም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽና። የተሸከምሻቸው ሁሉ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይግቡ።

ምን ብዬ ልፈርም ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ከከለከልሽኝ ሰርዢው።

ባልሽ፣
ብርሃነ መስቀል