አባባና ከፋይዋ

ውድ እትዬ፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። አባባ "ቆይ" እያለ ከለከለኝ። አሁን ግን ፈቅዷል፤ ደብዳቤውን ነገ ወደ እናንተ ለምትበረው ጓደኛሽ እሰጣታለሁ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። አደራ ብለሽ የተውሽልኝን አበባ፣ ያቺን ቅጠሏ እንደ ከፋይ የሚለሰልሰውን፣ ልገድላት ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይሜሽ ነበር። አባባን ስትሮክ ከመታው ሁለት ወር ሳይሞላ ለሥራ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ፣ ጥለሽኝ የሄድሽ መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ተሳፋሪውን ሲያስቅ የኖረ ሰው ቀኝ እጁ ዝሎ፣ አንዲት ቃል አልወጣ ብሎት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዝም። ስትደውዪ "ደህና ነው" ብዬ ቶሎ የምዘጋብሽ ለዚህ ነበር።

አበባዋን ወንበሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። ጠዋት ጠዋት ወደ ስፌት ቤት ስወጣ አንድ ጆግ ውሃ እገለብጥባታለሁ። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩ። ሲብስባት እኔም ባሰብኝ። አባባ እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ ደግሞ "ደህና ዋዪ" የሚለኝ ይመስለኛል።

አንድ ማክሰኞ ጆጉን አነሳሁ።

"በቃ።"

ሬዲዮው መሰለኝ። ዘወር ስል አባባ ፊቱ ቀልቶ ከከንፈሩ ጋር ይታገላል።

"ሰ... ሰጠመች" አለኝ።

እትዬ፣ በአምስት ወሩ አንደበቱ የተፈታው እኔን ለመቆጣት ነው። እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ። እሱም ሳቀ። ስፌት ቤት ያን ቀን አልሄድኩም።

ጋዜጣ ዘርግተን ከነአፈሯ አወጣናት። የሥሯ ግማሹ በስብሶ ይሸታል። የበሰበሰውን በመቀስ እቆርጣለሁ፤ ወደ ጤነኛው ስጠጋ "እእ!" ይለኛል። የከሰል ስብርባሪና የዛፍ ቅርፊት ከአፈር ጋር ቀላቅለን ተከልናት። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኛት ከመስኮቱ ፈቀቅ አደረግናት፤ አየሩም እንዳይደርቅባት ግልጽ ፌስታል አለበስናት። ከዚያ ወዲህ የውሃው አዛዥ እሱ ነው። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይሰድና "ዛሬ የለም፤ ነገ" ይላል። አቧራዋን በለስላሳ ብሩሽ የሚያራግፍላት በቀኝ እጁ ነው። መጀመሪያ ብሩሹ እየወደቀ አስቸግሮት ነበር። አሁን እጁን የምታለማምደው ፊዚዮቴራፒስቷ ራሷ "ከእኔ የጎማ ኳስ ይቺ ትበልጣለች" ብላ ሳቀች።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ቅጠል አወጣች፤ ቀላ ያለች፣ እንደ ሕፃን ጆሮ የምትለሰልስ። ጎረቤቱን ሁሉ አስጠርቶ አሳየ። "የማን ናት?" ሲሉት "የትልቋ ልጄ" አለ፣ ሳይንተባተብ። ያኔ ቂሜ ከየት እንደመጣ እንኳ ጠፋኝ። ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።

እሁድ ስትደውዪ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። ሊልሽ ያሰበውን ከሐሙስ ጀምሮ እየደጋገመ ይለማመዳል። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ አልነግርሽም። ዝም ቢልብሽ መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስልሽ። ቃሉን እየፈለገ ነውና ጠብቂው።

ናፋቂሽ ታናሽሽ